የዕለቱ ንባብና የዕዳው ቀን

ቤተ ክርስቲያን ለየዕለቱ የሚነበበውን ቃል አስቀድማ ለይታ አዘጋጅታለች። በግእዝ ሥርዓት ይህ የተወሰነበት መጽሐፍ ግጻዌ ይባላል። ካህኑ ግጻዌውን ገልጦ በዚያ ቀን ከጳውሎስ መልእክት፥ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፥ ከሐዋርያት ሥራና ከወንጌል የትኛው ክፍል እንደሚነበብ፥ ከመዝሙረ ዳዊትም የትኛው ምስባክ እንደሚባል ያያል። እርሱ የወደደውን አይመርጥም፤ ሕዝቡም የሚጥመውን አያዝም። ቃሉ እንደ እግዚአብሔር እንግዳ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ ባለቤቱ ቢደሰትም ቢከፋውም ደጁን አልፎ አይሄድም።

የኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ይህን መጽሐፍ ይዘው መቅረታቸው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1839 አድዋ በደረሱ ጊዜ፥ የአገሩን ሰው የአውሮፓን ሥርዓት ሊያስለምዱ አልቸኰሉም። ይልቁንም እርሳቸው ራሳቸው የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፤ የግእዙንም ሥርዓት አከበሩ። በ1860 በመንገድ ላይ ሳሉ ዐረፉ፤ መቃብራቸውም በኤርትራ በሄቦ ይገኛል። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉ ብዙ ካቶሊካውያን ደግሞ በላቲን ሥርዓት ይጸልያሉ። በዚያ ሥርዓት የእሑዱ ንባብ ቀድሞ በየዓመቱ ያው ይመለስ ነበር፤ በ1969 አዲስ መጽሐፈ ንባብ ከታወጀ ወዲህ ግን በ3 ዓመት ይዞራል። እንግዲህ በላቲን ሥርዓት ካንድ ቃል ያመለጠ ሰው 3 ዓመት ያርፍ ይሆናል፤ በግእዝ ሥርዓት ያለው ግን በዓመቱ እንደ ገና ይገናኘዋል።

ስለ ማምለጥ መነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ከተነበበለት ቃል የሚያመልጠው ጆሮውን ደፍኖ አይደለም። በደንብ ይሰማል፤ ከሰማም በኋላ ቃሉን ለጐረቤቱ ያሳልፈዋል። ስለ ቍጣ ሲነበብ ሚስት ባልዋን ታስባለች፤ ስለ ስስት ሲነበብ ባል የሚስቱን ወንድም ያስባል፤ ስለ ሐሰተኛ ምስክር ሲነበብ ደግሞ ሁሉም የመንደሩን ጠበቃ ያስባል። ከቅዳሴ ሲወጡ ሁሉም ሌላውን መክረው ይወጣሉ፤ የተመከረ ግን የለም።

ቅዱስ አትናቴዎስ የጻፈው የአባ እንጦንስ ገድል በዚህ ነገር ላይ ታላቅ ምስክር ነው። እንጦንስ በግብፅ አገር የተወለደ፥ ወላጆቹ የሞቱበት ወጣት ነበረ። 300 አሩራ የሚሆን ለም መሬት ወርሷል፤ አሩራ በዚያ አገር የእርሻ ልክ ነው። አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፥ ጌታ ባለጸጋውን ወጣት ያለህን ሸጠህ ለድኾች ስጥ ያለበት ወንጌል ሲነበብ ደረሰ። ያ ቃል በዚያ ሰዓት ለርሱ የተነበበ መሰለውና ወጥቶ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። በዚያ ቀን በዚያች ቤተ ክርስቲያን ሌሎች ባለ መሬቶች ሳይኖሩ አይቀሩም፤ እነርሱም ያንኑ ንባብ ሰምተዋል፤ ምሳቸውንም በልተው ይሆናል። ከዘመናት በኋላ በ386 አውግስጢኖስ በሚላኖ ከተማ በልቡ ጭንቅ ሳለ ይህን የእንጦንስን ነገር አስታወሰና፥ የጳውሎስን መልእክት ገልጦ ዓይኑ ያረፈበትን ቃል ለርሱ እንደ ተጻፈ አድርጎ አነበበ። እነዚህ ሁለቱ ታላላቆች ናቸው። ከዚህ በታች የሚነገረው ግን የታላቅ ሰው ነገር አይደለም።

አስቀድሞ ስለ በዓላት ጥቂት መናገር ይገባል። በኢትዮጵያ ገጠር ሰው ኑሮውን የሚቀጥረው በበዓል ስም ነው። ሠርግም ሆነ ሙግት፥ ዕዳም ሆነ የእረኛ ደመወዝ «ለሚካኤል»፥ «ለኅዳር ጽዮን»፥ «ለጥምቀት ማግሥት» እየተባለ ይቀጠራል። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ27 መድኃኔ ዓለም እንደሚውል ፊደል ያልቈጠረ እረኛ እንኳ ያውቀዋል። ይህ የኢትዮጵያ ልማድ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገርም የመሬት ኪራይ የሚከፈልባቸው 4 ቀኖች ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው፤ ማርች 25 ብሥራት፥ ጁን 24 መጥምቁ ዮሐንስ፥ ሴፕቴምበር 29 ሚካኤል፥ ዲሴምበር 25 ልደት ነው።

እንዲህ ሲሆን የቅዱሱ ስም በግድግዳ ላይ እንደ ተተከለ ችካል ይሆናል፤ ሰው አቁማዳውን ይሰቅልበታል፥ ችካሉን ግን አይመለከተውም። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች በዓልን የዕዳ መቀጠሪያ ማድረግ ክብሩን መቀነስ ነው ብለው ይነቅፋሉ። ነቀፋው ትክክል አይመስልም። በዓል ከዕዳና ከበሬ ርቆ ቢቀመጥ ኖሮ ሰው ነጭ ልብሱን በለበሰበት ሰዓት ብቻ በተገናኘው ነበር። ከሥዕሉ ወርዶ ወደ ጎተራ የሚገባ ቅዱስ ግን የሚያስፈራ ነው።

በአንድ የካቶሊክ መንደር አንድ ባለጸጋ ገበሬ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሞ ማለት ያስፈልጋል፤ በምሳሌ የሚነገር ባለጸጋ ሁሉ ገና ከመነሻው ክፉ ይደረጋልና፥ አንባቢውም ይህስ እኔን አይመለከትም ብሎ ይተኛል። ይህ ሰው ጾሙን የሚጾም፥ አሥራቱን የሚያወጣ፥ በእሑድ ከማለዳ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን የሚቆም፥ በበዓልም ቀን ለነዳያን ዳቦ የሚቈርስ ነበረ። ጎተራው ስለማይጐድል በክረምት ጐረቤቱ ሁሉ ከርሱ ይበደር ነበር። በነሐሴ 2 ቁና ያበደረውን ከመከር በኋላ 3 ቁና አድርጎ ይቀበላል። አገሩ ስለ ለመደው ማንም አራጣ ብሎ አይጠራውም ነበር፤ ወግ ነው ይሉት ነበር እንጂ።

በአንድ ክረምት አንድ ድኻ ጐረቤቱ 8 ቁና ጤፍ ተበድሮ 12 ሊመልስ ተስማማ። ዋስ ጥራ በተባለ ጊዜ የሚዋሰው ሰው አጣ። ወዲያና ወዲህ ተመልክቶ፥ «ዋሴ መድኃኔ ዓለም ነው» አለ። ባለጸጋውም ሣቀና «መልካም ዋስ ነው» ብሎ በምስክር ፊት ተቀበለው። ድኻውም እህሉን በአቁማዳ ተሸክሞ ወደ ልጆቹ ሄደ።

በጥቅምት መጨረሻ በረዶ ወርዶ የድኻውን ማሳ መታው። በጥር ወር ባለጸጋው ለዕዳው መያዣ ይሆነው ዘንድ የድኻውን በሬ ወስዶ በበረቱ አሰረ። ቀኑንም ለመጋቢት መድኃኔ ዓለም ቀጠረለት፤ በዚያ ቀን 12 ቁናው ካልገባ በሬው ለገበያ ሊወጣ ነው። መጋቢት 27 የጌታ ስቅለት የሚታሰብበት ቀን ነው። ባለጸጋው ግን ቀኑን የመረጠው ይህን አስቦ አልነበረም፤ ማንም ሰው ረሳሁት ሊል የማይችለው ቀን ስለ ሆነ ብቻ ነበር።

ድኻው ከዚህ በሬ በቀር ሌላ አልነበረውም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፥ እንደ ርሱ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ተስማምቶ ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ ይጠምዳል፤ አንድ ቀን የዚያን፥ አንድ ቀን የዚህን ማሳ ያርሳሉ። ይህ መቀናጆ ይባላል። የድኻው መቀናጆ አንዲት መበለት ነበረች፤ ወጣት ልጅዋ ያርስላት ነበር። እንግዲህ በባለጸጋው በረት የታሰረው አንድ በሬ ነው፤ የቆመው ግን የሁለት ቤት እርሻ ነበረ። የኦሪት ሕግ ወፍጮን መያዣ አድርጎ መውሰድን የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው። የተወሰደው ድንጋይ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ግን የሰው ሕይወት ነው። ባለጸጋው የመበለቲቱን ነገር አላወቀም ማለት አይቻልም፤ በሬዎቹ በአንድ ቀንበር ተጠምደው በየዓመቱ ያያቸው ነበርና። አውቆታል፥ ነገር ግን አላሰበበትም።

በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ንባቡ በግእዝ ይነበብ ነበርና ሕዝቡ ትርጓሜውን በሙሉ አይሰማም ነበር። የባለጸጋው ልጅ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ይማር ነበረ። መምህሩም እያንዳንዱ ተማሪ የእሑዱን ወንጌል ማታ ለቤተ ሰቡ በአማርኛ እንዲያነብ አዞ ነበርና፥ ልጁ በኵራዝ ብርሃን ያነብ፥ አባቱም ጋቢውን ተከናንቦ ያዳምጥ ነበር።

የዐቢይ ጾም እሑዶች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ስማቸውንም ያገኙት በዕለቱ ከሚዘመረው የቅዱስ ያሬድ መዝሙርና ከዕለቱ ንባብ ነው። የመጀመሪያው ዘወረደ ይባላል፤ ባለጸጋው በዚያ ማታ ደክሞት ስለ ነበረ እያንቀላፋ ሰማው። ሁለተኛው ቅድስት ነው። በቅድስት ማታ ልጁ ብልና ዝገት የሚያጠፉትን ምድራዊ መዝገብ የሚነቅፈውን ወንጌል አነበበ። አባትዮውም በቃሉ እጅግ ተነካ፤ በማግሥቱም ማልዶ ጎተራውን ከፍቶ ነቀዝ እንዳልገባበት መረመረ።

በሦስተኛው እሑድ፥ በምኩራብ፥ ጌታ ከመቅደስ በሬና በግ ርግብም የሚሸጡትን ያስወጣበት፥ የገንዘብ ለዋጮችንም ገበታ የገለበጠበት ተነበበ። ባለጸጋው ራሱን እየነቀነቀ፥ «ይህ ቃል በቅዳሜ ገበያ ቁናቸውን አጕድለው ለሚሰፍሩት ነጋዴዎች ነው» አለ። የርሱ ቁና ሙሉ ነበረ፤ በዚህ ማንም አይከሰውም። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አንዲት አሮጌ ወይራ ነበረች፤ ከሥርዋም ሰው የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ባለጸጋው በዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተበዳሪዎቹን ነገር ይጨርስ ነበር፤ ሕዝቡ ሁሉ በዚያ ስለሚገኝ ምስክር ለመጥራት ያመቻል። በዚያው በምኩራብ ዕለት እንኳ ከሁለት ሰዎች ጋር ውል ቈርጦ ወደ ቤቱ ተመልሶ ነበር። ማታ ንባቡን ሲሰማ ያ ድንጋይ ከቶ ትዝ አላለውም።

አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ነው። በኢየሩሳሌም በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛው በሽተኛ ነገር ይነበብበታል። ውኃው በተናወጠ ጊዜ የሚያወርደው ሰው ስላልነበረው ሌላው ይቀድመው ነበር። ይህን ወንጌል ሰምቶ የማያዝን የለም። ከበሽታው ይልቅ ወዳጅ ማጣቱ ልብን ይነካልና፥ ባለጸጋውም እንባው መጣና በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «ሰው የሌለው ሰው እንዴት ያሳዝናል!» አለ። ባለቤቱም «በውነት ያሳዝናል» አለች። ከቤታቸው ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ጎጆ ውስጥ የሚዋሰው ሰው ያጣው ጐረቤታቸው በዚያ ሰዓት ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። በበረቱም ውስጥ በሬው ያመሰኳ ነበር። እንባው የውሸት አልነበረም፤ አስቸጋሪውም ነገር ይህ ነው። ሰው በሩቅ ላለው፥ በሌላ አገርና በሌላ ዘመን ለኖረው መጻጉዕ ከልቡ ያለቅሳል፤ ያ መጻጉዕ እህል አልተበደረውምና።

በአምስተኛው እሑድ፥ በደብረ ዘይት፥ ስለ ዓለም ፍጻሜ ሲነበብ ባለጸጋው ፈርቶ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ አስገባ።

ስድስተኛው ገብር ኄር ሆነ። ጌታው 5 መክሊት የሰጠው አገልጋይ ሌላ 5 ሲያተርፍ፥ 2 የተቀበለውም ሌላ 2 ሲያተርፍ፥ አንዱን መክሊት የቀበረው ግን ሲወቀስ ባለጸጋው ከተቀመጠበት ቀና አለ። ጌታውም ገንዘቡን ለለዋጮች ሰጥተኸው ቢሆን ከነወለዱ በወሰድሁት ነበር ማለቱን በሰማ ጊዜ፥ «ይህን እንደ ገና አንብብልኝ» ብሎ ልጁን አዘዘው። ልጁ ደግሞ አነበበ። አባትዮውም ደስ ብሎት፥ «ያ አገልጋይ 5ቱን 10 አደረገና ተመሰገነ፤ እኔ ከ2 ቁና 3 ብቻ ብቀበል ሰዎች በስውር ያሙኛል» አለ። በወንጌል ውስጥ እንደዚህ ክፍል ባለጸጎች የሚወዱት የለም፤ እንደዚህም ክፍል ጠምዝዘው የሚያነቡት የለም። ልጁ መጽሐፉን ሳይከድን ጥቂት ዝም አለና፥

«አባዬ፥ መክሊቱ የማን ነበረ?» ብሎ ጠየቀ።

«የጌታው ነዋ፤ ከየት ያመጣዋል?» አለ አባቱ።

ልጁ ሌላ ነገር አልጠየቀም፤ የጠየቀውም ነገሩ ስላልገባው ብቻ ሊሆን ይችላል። አባቱ ግን ኵራዙ ይጥፋ ብሎ አዘዘ፤ ሌሊቱንም እንደ ወትሮው በቶሎ አልተኛም።

ከዚያ በኋላ በአምስተኛው ቀን ዓርብ መጋቢት 27 ዋለ። ሕዝቡ ሁሉ ቅዳሴውን አስቀድሶ፥ ከካህኑ እጅ መስቀል ተሳልሞ ወጣ። ባለጸጋውም ተሳልሞ ወደ ቤቱ ተመለሰና፥ ምስክሮቹን ሁለት ሽማግሌዎች አስጠርቶ በደጁ ተቀመጠ። ድኻው መጣ። ትከሻው ላይ አቁማዳ አልነበረም። እጅ ነሥቶ ቆመ።

«ቀኑ ደርሷል» አለ ባለጸጋው።

«አዎን ጌታዬ፥ ደርሷል።»

«እህሉስ?»

«በረዶው ወሰደው፤ እርስዎም ያውቃሉ።»

«እንግዲያስ ዋስህን ጥራ።»

ድኻው ራሱን ዝቅ አደረገ። ድምፁንም ከፍ ሳያደርግ፥ «ዋሴንማ አሁን ተሳልመውት መጡ» አለ።

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ሳለ፤ ሌላው በበትሩ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት፥ በሰው ላይ የነበረው የዕዳ ጽሕፈት በመስቀል ላይ እንደ ተቸነከረ ይናገራል። ባለጸጋው ይህን መልእክት ያውቀው እንደ ሆነ አይነገርም። የተቀበለው ዋስ ግን ያን ዕለት ስለ ሰው ሁሉ የከፈለ መሆኑን ለማወቅ መልእክቱን ማንበብ አያስፈልገውም ነበር፤ ከደጀ ሰላም እስከ ደጁ የነበረው መንገድ ይበቃው ነበር።

በዚህ ስፍራ ባለጸጋው ወድቆ አለቀሰ፥ ጎተራውንም ከፍቶ በተነ ቢባል ለሰሚው ደስ ባለው ነበር። እንዲህ ግን አልሆነም። ተቈጣ። «በመድኃኔ ዓለም ስም ታፌዛለህን?» አለና፥ በማግሥቱ በሬው ወደ ቅዳሜ ገበያ እንደሚወጣ በሽማግሌዎቹ ፊት ተናገረ። ድኻውም እጅ ነሥቶ ሄደ። ሰው ቃሉ ሲነካው አስቀድሞ የሚቈጣ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ቁስል ሲታጠብ አስቀድሞ እንደሚያቃጥል።

በዚያ ሌሊት በሬው በበረት ውስጥ ደጋግሞ ጮኸ። ቅዳሜ ጠዋት ባለጸጋው እግሩን የሚያነክስ ይመስላል ብሎ በሬውን ሳይነዳው ቀረ። በሬው ግን አላነከሰም ነበር፤ እረኛው ይህን አይቶ ዝም አለ።

እሑድ መጋቢት 29 ሰባተኛው የጾም እሑድ ነበረ፤ ስሙም ኒቆዲሞስ ነው፤ በዚያ ዓመት የብሥራትም በዓል ከርሱ ጋር ገጥሞ ዋለ። ማታ ልጁ እንደ ልማዱ አነበበ። ኒቆዲሞስ የአይሁድ አለቃ፥ የተማረና የተከበረ ሰው ሲሆን ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነው። አባትዮው በዚህ ንባብ ላይ ምንም ቃል አልሰጠም። ሰውን አልነቀፈም፤ ነጋዴዎቹንም አላነሣም። ቤተ ሰቡ ከተኛ በኋላ ተነሥቶ ወደ በረት ገባና በሬውን ፈታው።

ጨለማ ነበረ። የመንደሩ ውሾች ጮኹ። በሬው የቤቱን መንገድ ያውቅ ስለ ነበረ ከባለጸጋው ቀድሞ ሄደ እንጂ የተጐተተ አይመስልም ነበር። የድኻው ጎጆ ደጅ ሲንኳኳ በውስጥ ያሉት ሌባ መጣ ብለው ፈሩ። ድኻው በትር ይዞ ከፈተ፤ ባለጸጋውንም ባየ ጊዜ ከሌባው ይልቅ ፈራ።

«8ቱን ቁና ለመከር ታገባለህ» አለው ባለጸጋው። «4ቱን አልፈልግም። በሬህን ያዝ። ለሰው ግን አትንገር።»

ድኻው ጕልበቱን ሊስም ዝቅ አለ፤ ባለጸጋው ግን አላስነካውም፤ ፈጥኖ ተመለሰ።

ለሰው አትንገር ያለው ለምን ነው? ምጽዋት በስውር ይሁን ስለሚለው ትእዛዝ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ በሬ መለሰ ተብሎ ቢሰማ ባለ ዕዳው ሁሉ በማግሥቱ በደጁ ይሰለፍ ነበርና ይህን ፈርቶ ነው ይላሉ። ሁለቱም ምክንያት በአንድ ልብ ውስጥ አብሮ ሊያድር ይችላል፤ በብዙ ሰው ልብ ውስጥም ያድራል። ደግሞም ያን ዓመት ሌሎቹ ተበዳሪዎች እንደ ወትሮው ለ2ቱ ቁና 3 ቁና ከፍለዋል፤ ይህም መሸሸግ የለበትም። ኒቆዲሞስም በዚያች ሌሊት ደቀ መዝሙር ሆኖ አልወጣም። ግራ እንደ ተጋባ ተመለሰ እንጂ። ይሁን እንጂ ጌታ በተሰቀለ ቀን፥ ሌሎቹ በሸሹበት ሰዓት፥ 100 ነጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ተሸክሞ ለመቃብሩ የመጣው ይህ የሌሊቱ ሰው ነበረ። ቅዱስ ዮሐንስም ይህን ሲጽፍ ቀድሞ በሌሊት የመጣው መሆኑን አልተወም።

ሰኞ ማለዳ የመበለቲቱ ልጅ ከአጥር ውጭ ቆሞ የጐረቤቱን በሬ ባየ ጊዜ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀ። ድኻውም «እግዚአብሔር መለሰው» ብሎ ሌላ ሳይጨምር ቀንበሩን አነሣ። ሁለቱ በሬዎች ለጥቂት ቀን ተለያይተው እንደ ከረሙ ወንድማማቾች ተሻሽተው ተጠመዱ። አስቀድመው የመበለቲቱን ማሳ አረሱ፤ የርስዋ መሬት ቶሎ የሚደርቅ ነበርና።

ዓመቱ ዞሮ ዐቢይ ጾም ገባ። ግጻዌውም ያንኑ ቃል በዚያው ተራ ይዞ ተመለሰ፤ ዘወረደ አለፈ፥ ቅድስትም አለፈ። በምኩራብ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ሴት እህል ልትበደር ባለጸጋውን ፈልጋ ወደ ወይራዋ ሥር ሄደች። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ከቅጥሩ ውስጥ ከሚጫወቱት ሕፃናት ሁለቱ ብቻ ወጥተውበት ነበር። ሴቲቱም ጥቂት ቆማ ጠበቀችና፥ አለመምጣቱን ባየች ጊዜ ቁናዋን ታቅፋ ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ያዘች።